ብሉጊልን ከዘመዶቹ የምለየው እንዲህ ነው

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በርክ ሌክ በሚባለው ሐይቅ ዳር ትል ሰክተህ ትንሽ መንጠቆ ብትጥል ቶሎ የሚመጣልህ ብሉጊል ነው። ጠፍጣፋ፣ መዳፍ የምታህል፣ ጀርባዋ ላይ እሾህ ያላት ዓሣ። ሐዋሳ ቆሮሶ እየበላ ላደገ ሰው ቅርጿ አዲስ አይሆንበትም፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ብሉጊል ሳንፊሽ ከሚባሉት ወገን ናት፤ እነሱ ደግሞ በጣም ይመሳሰላሉ።

ለመለየት ስነሳ በቀለም መፍረድ ተውኩ። ቀለም እንደ ውሃው፣ እንደ ጾታውና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። መጀመሪያ የማየው የስንጥቡ ክዳን ጫፍ ላይ እንደ ጆሮ የወጣችውን ነገር ነው። ብሉጊል ላይ እስከ ጠርዟ ጥቁር ናት። ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ ካለ ፓምፕኪንሲድ የሚባለው ሌላው ሳንፊሽ ነው፤ እሱ ጉንጩም ላይ የተጥመለመሉ ሰማያዊ መስመሮች አሉት። ጥቁር ሆና ቀጭንና ረዘም ያለች ከሆነች ሬድብረስት የሚባለው ሳንፊሽ ነው።

ቀጥሎ የጀርባ ክንፏን እዘረጋለሁ። የብሉጊል ክንፍ በስተኋላ፣ ለስላሳው ክፍል ሥር፣ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለው። ግሪን ሳንፊሽም ይህ ምልክት ሊኖረው ይችላል፤ የሱ አፍ ግን ትልቅ ነው። የብሉጊል አፍ ትንሽ ስትሆን የጎን ክንፏ ረጅምና ሹል ነው፤ ወደ ፊት ብታጥፈው ዓይኗን ያልፋል። ይህን ሁሉ የማደርገው እጄን አርሼ ነው፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልላትን ልጋግ ይገፍፋል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ቤታቸውን ማወቅ ነው። በፀደይ መጨረሻ ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ወንዶቹ ጥልቀት የሌለው ቦታ ይመጣሉ። አሸዋውን በጭራቸው እየጠረጉ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ጎን ለጎን። የውሃ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር ካደረግህ ከዳር ሆነህ ታያቸዋለህ። እንቁላሉን የሚጠብቀው ወንዱ ስለሆነ እዚያ መንጠቆ አልጥልም። እሱ ከተነሳ ሌሎች ዓሦች እንቁላሉን ይጨርሱታል።

የአሜሪካው በጋ ሲጠና ትልልቆቹ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ትንንሾቹ ባስ የሚባለው አዳኝ ዓሣ እንዳይበላቸው የውሃ ሣር ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ በሐምሌ ሐይቁ ዳር ላይ የሚያዙት በአብዛኛው ትንንሾች ናቸው።

ሳንፊሾች እርስ በርስ ስለሚዳቀሉ የሁለት ዓይነት ሳንፊሽ ምልክት የያዘ ያጋጥማል። እንዲህ ያለውን ፎቶ አንስቼ «ሳንፊሽ» ብቻ ብዬ እመዘግባለሁ፤ ስም አልጨምርበትም።