አዲስ ከመጻፍ በፊት፦ ለኩባንያ ብሎግ አንባቢ ስለማምጣት

የኩባንያ ብሎግ አንባቢ ሲያጣ መጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት «በሳምንት አንድ የነበረውን ሦስት እናድርገው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙውን ጊዜ አንባቢ የሚጠፋው ጽሑፍ አንሶ ሳይሆን፣ የተጻፈው ከፈላጊው ዓይን ትንሽ ስለራቀ ነው። ያቺን ትንሽ ርቀት ማሳጠር አዲስ ከመጻፍ ይቀላል፤ ፍሬውም ቶሎ ይታያል።

ሥራው የሚጀምረው ከጎግል ሰርች ኮንሶል ነው። አገልግሎቱ ነፃ ነው። የድረ ገጹ ባለቤትነት ከተረጋገጠ በኋላ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጻችን እንደወጣላቸው፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና በአማካይ ስንተኛ ሆኖ እንደተቀመጠ ያሳያል። የሚይዘው የ16 ወር መረጃ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ወደኋላ ማየት የሚፈልግ በየጊዜው እያወረደ ማስቀመጥ አለበት።

ከሪፖርቱ የመጨረሻዎቹን 3 ወራት መርጦ፣ አማካይ ደረጃቸው ከ8 እስከ 20 የሆኑትን ጥያቄዎች ብቻ መለየት። ለእኔ ትልቁ ሀብት ያለው እዚህ ነው። ጎግል «ይህ ገጽ ለጥያቄው ይሆናል» ብሎ ተቀብሏል፤ ግን ፈላጊው እዚያ ድረስ ሳይወርድ ሌላ ከፍቶ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ከታዩት አንዱን መርጦ፣ ገጹን ከፍቶ፣ የፈላጊውን ጥያቄ ከጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይታያል። ሰውየው የጠየቀው «የሒሳብ ሶፍትዌር ስንቀይር የድሮው መረጃ ምን ይሆናል» ብሎ ነው፤ የእኛ ርዕስ ደግሞ «ዘመናዊ የሒሳብ አያያዝ ለላቀ ስኬት» ይላል። መልሱ ጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ግን ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ነው፣ ከኩባንያው ታሪክ በታች።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ርዕሱ በጠያቂው ቃል ይጻፋል፤ መልሱ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ይወጣል፤ ያረጀ መረጃ ይታደሳል። ከዚያ ተመሳሳይ ጉዳይ ካላቸው 3 ወይም 4 የራስ ገጾች ወደዚህ ሊንክ ይደረጋል፤ ሊንኩ የሚያርፍበት ቃልም ገጹ ስለምን እንደሆነ የሚናገር ይሁን እንጂ «እዚህ ይጫኑ» አይሁን። የገጹ አድራሻ ግን እንዳይነካ። መቀየሩ ግድ ከሆነ የድሮውን የከፈተ ሰው በቋሚነት ወደ አዲሱ የሚያሻግር፣ 301 ሪዳይሬክት የሚባል ትእዛዝ ይሠራል፤ ጎግል ራሱ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ከዚህ በኋላ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። በየሁለት ቀኑ ርዕስ የሚቀያይር ሰው የትኛው ለውጥ እንደሠራ በጭራሽ ሊያውቅ አይችልም።

አድራሻን ካነሳን፣ በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ አንድ ነገር አለ። ብሎግ የሚጻፍባቸው ብዙ ሲስተሞች አድራሻውን ከርዕሱ ቀጥታ ይወስዱታል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ሊንኩ ተቀድቶ ሲለጠፍ ወደ 9 ምልክት ይዘረዘራል፤ 25 ፊደል ያለው ርዕስ 225 ምልክት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሊንክ መልእክት ውስጥ ሲገባ ያስፈራል፣ አንዳንዴም መሐል ላይ ይቆረጣል። ገጹ ከመውጣቱ በፊት አድራሻውን በሦስት ወይም በአራት አጭር የላቲን ቃላት በእጅ መሙላት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ገጹ ፍለጋ ላይ ጭራሽ የማይወጣ ከሆነስ? መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድረ ገጹ በሙከራ ላይ ሳለ የተለጠፈና ሳይነሳ የቀረ «ኖኢንዴክስ» የሚል፣ ገጹ ፍለጋ ላይ እንዳይወጣ የሚያዝ ትእዛዝ ነው። ሰርች ኮንሶል ላይ የገጹን አድራሻ አስገብቶ መመርመር በደቂቃ ውስጥ ያሳያል። በተቃራኒው ገጽን ከፍለጋ ማስወጣት ፈልገው ኖኢንዴክስም ለጥፈው የፍለጋ ሮቦቶች የትኛውን ገጽ መክፈት እንደሌለባቸው በሚነግረው የሮቦትስ ፋይልም የሚዘጉ አሉ፤ ያኔ ጎግል ገጹን ከፍቶ ትእዛዙን ማንበብ አይችልም፣ አድራሻውም ፍለጋ ላይ ሊቆይ ይችላል።

ከፍለጋ ውጭ የሚመጣው አንባቢ በአብዛኛው ከመልእክት መለዋወጫዎች ነው፤ ቁጥሩ የሚምታታውም እዚያ ነው። ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ ሊንክ ነክቶ የመጣ ሰው የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በሚቆጥረው ጎግል አናሊቲክስ ላይ ብዙ ጊዜ «ዳይሬክት» (በቀጥታ የመጣ) ተብሎ ይመዘገባል፣ አድራሻውን በእጁ ጽፎ የመጣ ይመስል። መፍትሔው ሊንኩ መጨረሻ ላይ ዩቲኤም የሚባል፣ አንባቢው ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት መጨመር ነው፦ ምንጩ፣ መንገዱና የዘመቻው ስም። የቴሌግራምን ስም አንዱ በትልቅ የላቲን ፊደል፣ ሌላው በትንሽ ከጻፈው ሪፖርቱ ሁለት የተለያዩ ምንጮች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉም በትንሽ ፊደል ይሁን፣ ስሞቹም ሁሉም በሚያየው አንድ ሠንጠረዥ ላይ ይቀመጡ። በራስ ድረ ገጽ ውስጥ ባሉ ሊንኮች ላይ ግን ይህን ምልክት አታድርጉ፤ አንባቢው መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ያደበዝዛል።

ሊንክ ሲለጠፍ የሚወጣው ምስል 1200 በ630 ፒክስል ሆኖ ቢዘጋጅ በአብዛኛው ሳይቆረጥ ይታያል። ምስሉ ተቀይሮም ቴሌግራም የድሮውን እያሳየ ካስቸገረ ሊንኩን ዌብፔጅ ቦት ለሚባለው የራሱ ቦት መላክ ያድሰዋል።

ኢሜይልን ችላ የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ማንም መሐል ሳይገባ አንባቢ ዘንድ የሚደርስ መንገድ እሱ ነውና። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ኢሜይሉ በእርግጥ ከላኪው መምጣቱን የሚያረጋግጡትን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉ ቅንብሮች ማስተካከል፣ ከተቀባዮች ዝርዝር በአንድ ንክኪ መውጫም ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ «ስፓም ነው» የሚለው አቤቱታም ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት። ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ቁጥር ግን አትመኑት። አፕል በ2021 ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ያልተነበበ ኢሜይልም እንደተከፈተ ይቆጠራል። የሚታመነው ሊንኩን የነኩት ቁጥር ነው።

አዲስ ጽሑፍ መጻፍ ግድ ሲሆን ርዕሱ ከስብሰባ አይምጣ። የደንበኞች አገልግሎት ባልደረቦች በየቀኑ የሚጠየቁትን አንድ ፋይል ላይ ይመዝግቡ፤ ደንበኛው በተናገረበት ቃል፣ ሳይታረም። «ኮዱ ስልኬ ላይ አይመጣም» የሚለው ጥያቄ «የማረጋገጫ ሒደት ተግዳሮት» ተብሎ ከተስተካከለ በኋላ ለርዕስ አይሆንም፤ እንደዚያ ብሎ ጎግል ላይ የሚፈልግ ሰው የለምና።