የምልክት ቋንቋ፣ ስድስተኛ ወር

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። መምህራችን መስማት የተሳነው ነው። እንድናየው ሲፈልግ መብራቱን ያጠፋና ያበራል።

የመጀመሪያው ወር በጣት ፊደል አለቀ። የእጁ ቅርጽ «መ» ነው ወይስ «ለ» የሚለውን ይነግርሃል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ ወይም ሣልስ መሆኑን የሚለየው እንቅስቃሴው ነው። ስሜ ሙሉጌታ ነው። «ሙ»ም «ሉ»ም ካዕብ ስለሆኑ ቅርጹን ብቻ እቀይራለሁ። «ጌ» ላይ ስደርስ ግን እጄ ይተሳሰራል። ራብዕና ኃምስን እስካሁን አምታታለሁ፤ ቄስ ትምህርት ቤት አለመግባቴ ጎዳኝ።

ሦስተኛው ወር ላይ ጉድ ፈላ። መምህሩን «ቡና ጠጣህ?» ልለው ፊቴን ድንጋይ አድርጌ እጄን ብቻ አንቀሳቀስኩ። «ኧረ አልጠጣሁም!» አለኝ። ለካ ጥያቄው ያለው ቅንድብ ላይ ነው።

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት፣ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝን ነገር ጠየቅኩት። «መድኃኒት ቢገኝ መዳን ትፈልጋለህ?» ስልኩን አውጥቶ አንድ ቃል ጻፈልኝ፦ «ከምን?»

ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። ሚስቱም አትሰማም። ቤታቸው ጨዋታ የሞላበት ነው። እኛ በአክብሮት «የተሳነው» እንላለን፤ ቃሉ ራሱ ግን የሚቆጥረው ጉድለት ነው። እነሱ እኛን «ሰሚ» ይሉናል፣ በቃ።

አብራን የምትማር ልጅ ደግሞ በዚህ አትስማማም። በ12 ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነው መስማት ያቆመችው። ጆሮዋ ላይ የመስሚያ መሣሪያ አላት፤ የሚያሰማት ግን ጥቂት ነው። ጆሮ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ የሚተከልበት ቀዶ ጥገና ቢገኝላት ነገ ትገባለች። የእናቷ ቁጣ ናፍቋታል።

ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ እኔ መሃል ተቀምጬ ግማሹ አመለጠኝ። መምህሩ ቀዶ ጥገናን አልተቃወመም። ያበሸቀው የማይሰማ ሕፃን «እስኪሰማ» ተብሎ ያለ ቋንቋ መቆየቱ ነው። የጣሊያኗን ሚላንንም አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1880 እዚያ ለጉባኤ የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን ከምልክት ንግግር ይበልጣል ብለው ወሰኑ፤ በብዙ አገር የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ያው ጉባኤ የተጸጸተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እሷ ደግሞ «እሱ የማያውቀው ነገር አይናፍቀውም» አለች። ይህችኛዋ ገባችኝ።

የምልክት ስም፣ ማለትም በጣት ፊደል ሳይጻፍ የምትጠራበት አንድ ምልክት፣ ለራስህ አታወጣም፤ የሚሰጡህ እነሱ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ አንድ ሐሳብ አቀረበች፦ ጣት ቅንድብ ላይ። መምህሩ ገና አላጸደቀውም።