አራት ዓመት ያልተጫነ ፈረስ

ዛሬ ቦራ ላይ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ በእርምጃ፣ ከአጎቴ በር እስከ ሜዳው ጫፍ።

ፈረስ ላይ ከወጣሁ 28 ዓመት ሆኖኝ ነበር። ልጅ ሆኜ እዚሁ እንጅባራ አካባቢ ፈረሶቹን ውኃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ኮርቻ የለም፣ ጫማ የለም፤ ጋማውን ጨብጦ ዘሎ መውጣት ነው። ኮርቻ የተጫነ ቀን እርካቡን በአውራ ጣቴና በቀጣዩ ጣት መሃል ቆንጥጬ እይዛለሁ። ከዚያ ትምህርት መጣ፣ አዲስ አበባ መጣ፣ ሥራ መጣ። አምና ተዛውሬ ተመለስኩ።

ቦራ የአጎቴ ፈረስ ነው። ዳማ ነው፤ ስሙን ያገኘው ግንባሩ ላይ ካለው ነጭ ነው። 17 ዓመቱ ነው። አጎቴ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው። የማኅበሩ በዓል ጥር 23 በመጣ ቁጥር ቦራን አስጊጦ ሜዳ ይወርድ ነበር። ጉልበቱን ሲያመው ቀረ። ፈረሱም አራት ዓመት ሙሉ ሳይጫን ቆመ። ጥቅምት ላይ ልጆቹ ለጋሪ እንሽጠው ሲሉ ሰማሁ። «እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን እጄን በጀርባው ላይ ሳሳልፍ ደነገጥኩ። ሆዱ ክብ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት የጠገበ ፈረስ ይመስላል። የጀርባ አጥንቱ ግን ቆሞ ይዳሰሳል። ኮርቻ የሚሸከመው ሥጋ ከግራና ከቀኝ ሟሙቷል። ሣር ሲበላም እያላመጠ ይተፋል፤ እርጥብ እርጥብ ጉንጉን መሬት ላይ ይቀራል። የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። የመንጋጋ ጥርሱ ጠርዝ እንደ ቢላ ሰልቶ ጉንጩን ከውስጥ ቆርጦታል። ሐኪሙ ሞረደለት። ይህ ሳይታይ ልጓም ቢገባበት ኖሮ ምን ያህል ይሰቃይ ነበር! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ከዚያ በኋላ ፉርሽካ በውኃ እያራስኩ፣ ሣሩን እየከተፍኩ መስጠት ጀመርኩ።

በልብስ ሰፊ ሜትርም ለካሁት። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተው፣ በርዝመቱ አባዝተው፣ ለ11,877 ሲያካፍሉት ክብደቱ በግምት ይወጣል። 142 ሳንቲም በ146፤ 248 ኪሎ ገደማ። ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ቢሸከም ነው የሚመከረው። ይህ 50 ኪሎ ነው። እኔ 53 ነኝ፣ ኮርቻው 7። የኛ አገር ፈረስ ከዚህ በላይ ተሸክሞ ሲሄድ ኖሯል፣ አውቃለሁ። ግን ያ ጀርባ በእጄ ተዳሷል። እንዳልዳሰስኩት መሆን አልችልም።

ስለዚህ በእግራችን ሄድን። አምስት ሳምንት ዛቡን ይዤ ጎን ለጎን። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ፣ ቀስ በቀስ አንድ ሰዓት። ዳገት ያስወጣሁት ሆን ብዬ ነው፤ ወገብና ጀርባ የሚያጠነክር እሱ ነው። የፈረስ ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ፈረሱ ደህና ነኝ ብሎ ሲጎትት ነው ሰው የሚሳሳተው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ባዶ ኮርቻ ጫንኩለት። ጠፍሩን ሳጠብቅ መጀመሪያ ጆሮውን አጥፎ ዞሮ አየኝ። በሦስተኛው ቀን ቆሞ ጠበቀኝ።

አጎቴ ማታ ማታ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠይቀኛል፦ «ዛሬስ ወጣሽበት?»
«አልወጣሁም ጋሼ።»
ዝም ይላል።

ዛሬ ግን ወጣሁ። ጫማዬን አውልቄ ነው የወጣሁት፣ ጣቶቼ እርካቡን ራሳቸው ፈልገው ያዙት። ጭኖቼ ተንቀጠቀጡ። ሜዳው ጫፍ ስንደርስ ሁለት ጎረምሶች በሽምጥ ግልቢያ አለፉ። ቦራ ጆሮውን ቀሰረ፣ አንገቱን አቀና፣ ሥሬ ሰውነቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ሶምሶማ ጀመረ። አምስት ስድስት እርምጃ ፈቀድኩለት። ከዚያ ዛቡን ሰብሰብ አድርጌ አቆምኩት፣ ወርጄ አንገቱን ይዤ አለቀስኩ። ዳገቱን ወደ ቤት በእግር ወጣን።

አጎቴ በር ላይ ሲያየን ከዘራውን ይዞ ተነሣ። ኮርቻውን አስወረደኝ። ከዚያ መዳፉን ቦራ ጀርባ ላይ አድርጎ፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ ቀስ እያለ ዳሰሰው። አንድ ቦታ ላይ እጁ ቆመ።

«እዚህ ጋ» አለኝ፣ «ሥጋ ይዟል።»