ዓርብ ማታ የተሰናዳ የቅዳሜ ቁርስ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። ሴት ስለሆነች በ80 ቀኗ ነው፤ ቀኑም እሁድ ላይ ዋለ። ዘመድ ከሚኒያፖሊስም ከአትላንታም መጣ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው አፓርታማዬ ዓርብ ማታ ዘጠኝ እንግዳ አደረ። ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ፍራሽ ሆነ።

እኔን ያሳሰበኝ የቅዳሜ ቁርስ ነበር። ለዘጠኝ ሰው በመጥበሻ እንቁላል መሥራት ከጀመርኩ ጠዋቱን ሙሉ ከምድጃው አልላቀቅም። የመጨረሻው ሲቀርብለት የመጀመሪያው በልቶ ተነስቷል። እነዚህን ሰዎች የማገኛቸው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። አብሬያቸው መቀመጥ ፈለግኩ።

አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ ለገና ጠዋት የሚሠሩት ምግብ አለ፤ የቁርስ ካሰሮል ይሉታል። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተትና አይብ ማታ በአንድ ዕቃ ተሰናድቶ ፍሪጅ ያድራል። ጠዋት ኦቨን ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቤት በልቼ ወድጄዋለሁ።

ግን መጀመሪያ መስከረም ላይ ለጓደኞቼ ስሞክረው አልሆነልኝም። ትኩስ፣ ለስላሳ የሱፐርማርኬት ዳቦ ተጠቀምኩ። ቲማቲም ከነጥሬው ከትፌ ጨመርኩ። ላዩ ወርቅ መስሎ ወጣ። ማንኪያ ስሰድበት ሥሩ ውሃ ያቆረ ገንፎ ሆኗል። ለስላሳ ዳቦ ፈሳሽ ሲነካው ይሟሟል። የደረቀ ዳቦ ግን እንቁላሉንና ወተቱን እየመጠጠ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ቲማቲም፣ እንጉዳይ፣ ቆስጣ ደግሞ ውሃቸው ቀድሞ ካልተነነ ኦቨን ውስጥ ይለቁታል።

ስለዚህ ለክርስትናው ድፎ ዳቦ ገዛሁ። ሐሙስ ማታ በአውራ ጣት ልክ ቆራርጬ ትሪ ላይ በትኜ ሳልከድነው አሳደርኩት። ዓርብ ማታ ቀይ ሽንኩርት፣ ቆስጣና ቃሪያ ውሃው ጭልጥ ብሎ እስኪደርቅ አቁላላሁ። 9 በ13 ኢንች የሆነውን ፓይሬክስ፣ ማለትም የመስታወት መጋገሪያ ዕቃዬን፣ ቅቤ ቀባሁ። ግማሽ ኪሎ ገደማ ዳቦ፣ ከላዩ አትክልቱን፣ ከዚያ ሁለት ኩባያ የተፈቀፈቀ ቸዳር የሚባል የፈረንጅ አይብ አደረግኩ። የእኛ አይብ እዚህ አይሆንም፤ አይቀልጥም። ለጎን ግን ግሩም ነው። ስምንት እንቁላል ከሦስት ኩባያ ወተት ጋር መትቼ ከላይ አፈሰስኩ። ዳቦው እኩል እንዲጠጣ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አደረግኩት።

ዓርብ ጾም ነው፤ መቅመስ የለም። ጨው በዓይኔ መጣል ነበር ልማዴ። ያን ማታ ግን በሻይ ማንኪያ ለካሁ፦ አንድ ብቻ፣ አይቡ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ምግብ ሁልጊዜ እለካለሁ።

ከድኜ ፍሪጅ ከተትኩት። ጥሬ እንቁላል ስላለበት ውጭ ማሳደር ፈጽሞ አይቻልም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አወጣሁትና ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ቀዝቃዛ የመስታወት ዕቃ ድንገት ሙቀት ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል። ኦቨኑን በ350 ፋራናይት አሙቄ፣ ግማሽ ሰዓት በፎይል ሸፍኜ፣ ሌላ 25 ደቂቃ ገልጬ ጋገርኩት። ጠርዙ ከዕቃው ለቀቅ አለ፤ መሐሉ ተነፋ። ላዩን ብቻ ማመን አይገባም፤ እኔ መስከረም ላይ ያመንኩት ላዩን ነው። መሐሉ ላይ ቴርሞሜትር ሰካሁ። 160 ፋራናይት ከደረሰ እንቁላሉ በስሏል።

እሱ ሲጋገር እኔ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና እቆላ ነበር። ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ከኦቨን ከወጣ በኋላ ረግቶ እንዲቆረጥ አሥር ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ አቦሉን የጠጣነው ያኔ ነው።

ታላቋ አክስታችን ፓይሬክሱን ሲያዩ ፊታቸው አልፈታም።

«ያደረ ቁርስ ነው እንዴ የምታበይን?»

«እቴቴ፣ ማታ ተሰናዳ እንጂ የተጋገረው አሁን ነው። እስቲ ይቅመሱት።»

ትንሽ ቆርሰው ቀመሱ። ዝም ብለው አላመጡ። ከዚያ ሳህናቸውን ዘረጉልኝ። «ከዚያ ከጠርዙ ጨምሪልኝ፣ ከደረቀው።» ጠርዙ እውነትም ከሁሉም ይጣፍጣል፤ ዳቦው እዚያ ጋ ይንኮሻኮሻል፣ አይቡም ቡናማ ሆኖ ይይዛል።

ሲጨርሱ አንድ ነገር ነገሩኝ። ዕቃውን የምቀባው ቅቤ የሱፐርማርኬቱ ሳይሆን ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት ንጥር ቅቤ ይሁን አሉኝ። በቀጣዩ ጊዜ እንዳሉት አደረግኩ። ገና ኦቨን ውስጥ እያለ ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ።