የማኒካርኒካ ሚዛን

በሕንዷ ቫራናሲ፣ የሂንዱዎች አስከሬን ወደሚቃጠልበት ማኒካርኒካ ጋት በሚያወርደው ጠባብ መተላለፊያ ዳር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኔ ያረፈው በአንድ ትልቅ የብረት ሚዛን ላይ ነበር። በአንዱ ወገን ፍልጥ ተከምሮ፣ በሌላው መመዘኛው ተቀምጦ፣ ራሱን የተላጨና ነጭ ጨርቅ ያገለደመ ጎልማሳ ከእንጨት ሻጩ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ዋጋ ይነጋገራል። እሳቱን የሚለኩሰው እሱ እንደሆነ ከአለባበሱ ተረዳሁ፤ ይህ ወግ አብዛኛውን ጊዜ የበኩር ወንድ ልጅ ድርሻ ነውና። የማንጎ እንጨት ረከስ ይላል፤ ሰንደል ግን አቅም ላለው ነው፣ ሌላው ጥቂት የሰንደል ዱቄት ነስንሶበት ይበቃዋል። እኛ ቤታችን የምናጤሰው ሰንደል ስሙን ያገኘው ከዚሁ እንጨት ነው።

ጋት ማለት ወደ ጋንጀስ ወንዝ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ነው። በከተማዋ ከ80 በላይ ጋቶች ሲኖሩ፣ አስከሬን የሚቃጠለው በማኒካርኒካና በሀሪሽቻንድራ ብቻ ነው፤ በቀሩት ሰው ይታጠባል፣ ይጸልያል፣ ልብስ ያጥባል። በጥንታዊ ስሟ ካሺ በምትባለው በዚህች ከተማ የሞተ ሰው ዳግም ከመወለድ ዑደት ነፃ ይወጣል ብለው ሂንዱዎች ስለሚያምኑ፣ የመጨረሻ ቀናቸውን ሊጠብቁባት ከሩቅ የሚመጡ አሉ።

አስከሬኑ በቀርከሃ ቃሬዛ፣ በደማቅ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ የአምላካቸውን የራምን ስም ጠርተው «የራም ስም እውነት ነው» እያሉ በሚከተሉ ወንዶች ታጅቦ ይመጣል። ጋንጀስ ውስጥ ነከር ካደረጉት በኋላ በእንጨቱ ላይ ያጋድሙታል፣ ንጥር ቅቤም ያፈስሱበታል። እሳቱን የሚጠብቁትና ቃጠሎውን የሚመሩት፣ ይህን ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረሱ የኖሩት ዶሞች ናቸው። ለቅሶ ቤት ያደገው ጆሮዬ ሙሾና ዋይታ ቢጠብቅም፣ የሚሰማው የእሳቱ መንጣጣትና የሻይ ሻጩ ጥሪ ብቻ ነበር። በልማዱ ሴቶች ወደዚህ አይወርዱም፤ ለቅሶ ነፍስን መንገድ ላይ ያስቀራል ይላሉ።

በመካከሉ አንድ ሰው ተጠግቶ፣ ለድሆች አስከሬን የሚሆን እንጨት መግዣ እንድሰጥ ለመነኝና 500 ሩፒ አውጥቼ ሰጠሁት። በማግስቱ ጀልባ ቀዛፊው ነገሩን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የምሽቱን የዳሻሽዋሜድ ጋት የመብራት ሥርዓትም አይቻለሁ፤ ያማረ ነው፣ ነገር ግን በድምፅ ማጉያውና በስልክ ካሜራው ብዛት መድረክ መድረክ ሸተተኝ።

ወደ ማኒካርኒካ የተመለስሁት በዚያው የጀልባ ጉዞ፣ በንጋት ነው። ቀዛፊው ፎቶ እንዳላነሣ አስጠንቅቆኝ ከዳር ራቅ ብሎ ቆመ። ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ የገባ አንድ ዶም፣ አመድና ደለሉን በቅርጫት እያጠለለ የጥርስ ወርቅ ወይም ቀለበት ይፈልጋል። ከእሱ ከፍ ብሎ፣ ሌላ ራሱን የተላጨ ልጅ ውኃ የሞላውን ትንሽ ማሰሮ በትከሻው ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ጣለና፣ ዞር ብሎ ሳያይ ደረጃውን ወጣ።