ዘጠኝ ሳህን በአንድ ኦርደር

ቅዳሜ ማታ ነው። ሊዝበን ውስጥ ባለች ትንሽ ታሽካ (የመጠጥም የምግብም ቤት ናት) ስምንት ሰው ተያይዞ ገባና ዘጠኝ ዓይነት ፔቲሽኩሽ አዘዘ። ፔቲሽኩሽ ማለት መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሁሉም የሚቋደሰው የትንንሽ ሳህን ምግብ ነው። ሥራ ከጀመረ ሳምንት ያልሞላው አስተናጋጅ ዘጠኙንም በአንድ ወረቀት ጽፎ ኪችን አስገባ። የቱ ይቅደም፣ የቱ ይከተል፣ አልጻፈም።

ኪችኑም ሁሉንም አንድ ላይ አነሳው። ፔይሺኙሽ ዳ ኦርታ፣ ማለትም ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ፎሶሊያ፣ ቀድሞ ደረሰ። ሌላው እስኪደርስ ተደራርቦ ስለቆየ በራሱ እንፋሎት ላሸቀ። ትልቁ ጥፋት ግን የአሜይዡአው ነበር። አሜይዡአ ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት ነው፤ ሁለት ኪሎው በአንድ ድስት ገባ። ከሥር ያሉት ሲከፈቱ የላዮቹ ገና ዝግ ነበሩ። ሠራተኛው የመጨረሻዋ እስክትከፈት ሲጠብቅ የታችኞቹ ተኮማትረው ማስቲካ ሆኑ።

ለዚህ ምግብ አንድ ኪሎ ለአራት ሰው ይበቃል፤ እሱም ቢሆን በሰፊ መጥበሻ፣ በሁለት ዙር ቢሠራ ይሻላል። ቀድሞ በአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ጨው ተበጥብጦ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል፤ አሸዋውን የሚተፋው ያኔ ነው። ሲወጣ በእጅ እየታፈሰ እንጂ ውኃው አብሮ አይደፋም፤ ከተደፋ አሸዋው ተመልሶ ላዩ ላይ ይፈስሳል። የተሰበረ ወይም ሲነኩት የማይዘጋ ይጣላል። ከዚያ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት ሳይጠቁር ይሞቃል (ከጠቆረ ይመራል)፣ የድንብላሉ ግንድ ይገባል፣ ትንሽ ነጭ ወይን ጠጅ ይጨመርና ክዳኑ ይገጠማል። የተከፈተው ወዲያው እየተለቀመ ይወጣል። ቅጠሉና ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ጨው አይጨመርም፤ ዛጎሉ የያዘው የባሕር ውኃ ይበቃዋል።

ዘጠኙ ሳህን ጠረጴዛውን ሲሞላው ሰዎቹ እጃቸው ወደ ሥጋው ሄደ። አሜይዡአው ቀዘቀዘ። ሲደርሱለት ደግሞ ዳቦው በቅቤና በወይራ ፍሬ አልቋል። መረቁን በዳቦ ያልጠቀሰ ሰው ደግሞ ግማሹን ምግብ አልበላም። አስተናጋጁ ዳቦ ያልጨመረው በንፉግነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የፖርቱጋል ሕግ እንግዳው ያላዘዘው ወይም ያልነካው ዳቦና ወይራ ሒሳብ ላይ እንደማይገባ ተነግሮት ነበርና ፈራ። «ዳቦ ልጨምር?» ብሎ መጠየቅ እንደሚበቃ ግን አልነገሩትም።

ሼፉ አልጮኸበትም። የተመለሰውን የአሜይዡአ ሳህን አሳየውና፣ «ባካልያው ፓሽቴሉ ቢቀዘቅዝ ማንም አይከፋም፤ ይህች ግን አትጠብቅህም» አለው። እውነቱን ነው። ከባካልያው (በጨው ከደረቀ የኮድ ዓሣ)፣ ከድንችና ከእንቁላል ተድቦልቡሎ የሚጠበሰው ፓሽቴል ለብ ብሎም ይጣፍጣል። የኦክቶፐስ ሰላጣ እንዲያውም ሲቆይ ሆምጣጤውን ይጠጣል። አይብ፣ የደረቀ ሥጋ፣ ወይራ ጊዜ አላቸው። ፒካ ፓው ግን፣ በስንጥር እየተነሳ የሚበላው የከብት ጥብስ፣ ሶሱ ውስጥ ሲቆይ ይደርቃል።

እንግዳ ቢራ ይዞ የሚቆረጥመው ትሬሞሱሽም ቀድሞ የሚወጣ ነው። የጎጃም ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ግብጦ ነው፤ ተቀቅሎ ምሬቱ እስኪለቅ ውኃው እየተለወጠ ለቀናት ይዘፈዘፋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መገለጽ ካለባቸው 14 አለርጂ አምጪ ምግቦች አንዱ ስለሆነ፣ በተለይ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው እንዳለ ሳይጠየቅ አይቀመጥም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ኦርደሩ ሁለት መስመር ተሰምሮበት በሦስት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ከላይ የሚጠብቀው፣ ከመሐል ጥብሱ፣ ከታች አሜይዡአው። ኪችኑም አስተናጋጁ ትኩስ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ መድረሱን ሳይነግረው አሜይዡአውን እሳት ላይ አይጥድም።