ቦርዱ ጋ የማይደርሰው ሪፖርት፦ የባንክ ሪስክ ኮሚቴ ስመራ የሠራሁትና የተማርኩት

በአንድ ትልቅ ባንክ ቦርድ ውስጥ ገለልተኛ ዳይሬክተር (የባንኩ ሠራተኛ ያልሆነ የቦርድ አባል) ሆኜ የሪስክ ኮሚቴውን፣ ማለትም ባንኩ ያሉበትን ስጋቶች የሚከታተለውን የቦርዱን ኮሚቴ፣ በሰብሳቢነት መርቻለሁ። ብዙ ሰው የቦርድ ሥራ ስብሰባ ላይ ጠንካራ ጥያቄ መጠየቅ ይመስለዋል። ጥያቄውማ ያስፈልጋል። ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ፤ ቦርዱ ጋ ምን ይደርሳል? ምን እንደሚደርስስ ማን ይወስናል? እኔ አብዛኛውን ጉልበቴን ያፈሰስኩት እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካውን ባንክ የዌልስ ፋርጎን ታሪክ የምታውቁ ይገባችኋል። የባንኩ ሠራተኞች የተጣለባቸውን የሽያጭ ኮታ ለመሙላት ሲሉ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሂሳብ ይከፍቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ለቦርዱ ሪስክ ኮሚቴ የቀረበው ሰነድ በዚህ ጉዳይ የተባረሩት 230 ናቸው ይላል። በ2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ሊቀጣ ሲስማማ ግን ቁጥሩ ወደ 5,300 ሆኖ ወጣ፤ የቦርድ አባላቱም ትክክለኛውን ቁጥር የሰሙት ያኔ ነው። እነዚህ ሰዎች ጥያቄ መጠየቅ አያውቁም ማለት ይከብዳል። የጠየቁት ግን እጃቸው ላይ ከነበረው ሰነድ ተነስተው ነው።

ስለዚህ ከሰነዱ ጀመርኩ። ለስብሰባ የሚላክልን ጥራዝ ወፍራም ነበር፣ የሚደርሰንም ስብሰባው ሲቃረብ ነው። ከፊቱ አንድ አጭር ገጽ እንዲኖር ጠየቅኩ፦ ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ምን ተባባሰ፣ የትኛው የተፈቀደ ጣሪያ ታለፈ፣ ከእኛ ምን ውሳኔ ይፈለጋል። ሌላው ደግሞ የሪስክ ኃላፊው ሪፖርት በዋና ሥራ አስፈጻሚው እጅ ሳይታረም በቀጥታ እንዲመጣልን ነው። ይሄኛው አከራከረ። ማኔጅመንቱ “እኛም አስተያየት ልንሰጥበት ይገባል” አለ፣ ልክም ነበር። አስተያየታችሁን ከጎኑ አያይዙ፣ ዋናውን ግን አትንኩት ብለን ተስማማን።

ብዙ ያስተማረኝ የኦዲት ግኝቶች ሠንጠረዥ ነው። ግኝቱ፣ የሚመለከተው ክፍል፣ የማጠናቀቂያ ቀኑና ያለበት ደረጃ በቀለም ተቀምጧል። ከሞላ ጎደል ሁሉም አረንጓዴ፤ ቀኑ አላለፈበትም ማለት ነው። ሁለት ዓምድ እንዲጨመር ጠየቅኩ፦ መጀመሪያ የተያዘው ቀን መቼ ነበር፣ ስንት ጊዜስ ተራዘመ? በቃ፣ ሥዕሉ ተገለበጠ። አንዱ ግኝት ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወሩ ሠራተኞች የድሮው የሲስተም ፈቃዳቸው እንዳልተነሳ የሚናገር ነው፤ ይህ ማለት አንድ ሰው ክፍያ አዘጋጅቶ ራሱ ማጽደቅ ይችላል። ቀኑ በደረሰ ቁጥር ይራዘማል፣ አዲሱ ቀን ገና ስላልደረሰ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ይቀርባል።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዙ ቤሪንግስ ባንክ የውስጥ ኦዲት በ1994 ሲንጋፖር ያለው የባንኩ ሠራተኛ ኒክ ሊሰን መገበያየቱንም ሂሳብ ማወራረዱንም አንድ ላይ መያዙ አደጋ እንዳለው ጽፎ ነበር። ማንም ሳይለያየው ቀረ። በ1995 ባንኩ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሮ ወደቀ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሚቴያችን አንድ ደንብ አወጣ፤ ቀኑ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲራዘምለት የሚፈልግ የሥራ ክፍል ኃላፊ ራሱ መጥቶ ያስረዳል። መምጣት የሚወድ ስለሌለ ግኝቶቹ መዘጋት ጀመሩ።

ሌላው ማኔጅመንቱ በሌለበት ከውስጥ ኦዲት ኃላፊውና ከሪስክ ኃላፊው ጋር ለየብቻ መነጋገር ነው። ምክሬ፣ የሚወራ ነገር ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ አጀንዳ ላይ ይቀመጥ። ችግር ሲኖር ብቻ ከተጠራ መጠራቱ ራሱ ክስ ይመስላል፣ ኃላፊውም ጥርስ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ አካባቢ “ደህና ነው፣ ምንም የለም” ነበር መልሱ። ነገሩን የከፈተው “ከረቂቁ ላይ የወጣ ነገር አለ ወይ?” የሚለው ጥያቄ ነው። የሪስክ ኃላፊው ትንሽ ዝም አለና ስለ አንድ ትልቅ ተበዳሪ የተጻፈ ገጽ “ገና አልበሰለም” ተብሎ መውጣቱን ነገረን። ብድሩ የመክፈያ ጊዜው ደጋግሞ እየተራዘመ እንደ ጤነኛ ይቆጠር ነበር። ወዲያው ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘሙ ብድሮች ዝርዝር በየስብሰባው እንዲቀርብ አደረግን።

እንዲህ የሚናገር ሰው ከለላ ይፈልጋል። የባንክ ቁጥጥር ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የባዝል ኮሚቴ በ2015 ያወጣው የባንክ አስተዳደር መርህ የሪስክ ኃላፊን ማንሳት የቦርዱን ይሁንታ እንደሚፈልግ ይናገራል፤ የሪስክ ኮሚቴ ሰብሳቢም የቦርዱ ሰብሳቢ እንዳይሆን ይላል። ወረቀት ላይ ማስፈሩ ቀላል ነው። ዋናው ግን የሪስክ ኃላፊውን የደመወዝ ጭማሪና የሥራ ምዘናውን ማን ነው የሚፈርመው የሚለው ነው፣ እሱን ወደ ኮሚቴው አመጣነው።

የደንበኞች ቅሬታም በአማካይ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ጥቂቱ በደንበኛው በራሱ ቃል እንዲቀርብልን አድርገናል። ቃለ ጉባኤ ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው አባል ሐሳቡ ይመዝገብለት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፤ ቦርድ ባንክ አያስተዳድርም። ቅርንጫፍ ደውሎ የሚያዝ፣ ለእገሌ ብድር ይሰጠው የሚል ዳይሬክተር መቆጣጠሩን ትቷል። እሱን ማን ሊቆጣጠረው ነው?

ከሁሉም ያስቸገረን የቦነስ ጉዳይ ነበር። የኦዲት ግኝት እየደጋገመ ያራዘመ ኃላፊ ትርፉ ስላደገ ብቻ ሙሉ ቦነስ ይውሰድ ወይ? የእኛ ኮሚቴ አይውሰድ አለ፣ አስተያየቱንም ክፍያው ከመጽደቁ በፊት የኃላፊዎችን ደመወዝና ቦነስ ለሚያየው የቦርዱ የክፍያ ኮሚቴ በጽሑፍ ማቅረብ ጀመረ። የመጀመሪያው ቅነሳ ሲመጣ ክርክሩ ከባድ ነበር፣ ጥሩ ሠራተኛ ታሸሻላችሁም ተባልን። ቅነሳው ግን ጸደቀ።